ከጣሊያን ስንገዛ ምኑን ነው የምንገዛው?

ወገን፣ በየካፌውም በየስልካችንም የማይበርድ አንድ ክርክር አለ። አንዱ «የዓድዋ ልጅ ሆኜ የጣሊያን ዕቃ እገዛለሁ? በጭራሽ!» ይላል። ሌላው ጫማውን አንስቶ ሶሉን እያሳየ «ዕቃ ከተባለ የጣሊያን ነው፣ ሌላው ፌክ ነው» ይላል። ሁለቱም ይጮኻሉ። ግን ሁለቱም አይጠይቁም፦ ዕቃውን ማን ሠራው? የትኛው ከተማ? ከኛ ኪስ የወጣው ዶላርስ ምን ይዞልን ተመለሰ?

የኛን አቋም ከመጀመሪያው እንናገር። ከጣሊያን መግዛት ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያውቁ መግዛት ነው። ደግሞም ከጣሊያን የሚገዛ ትልቁ ነገር ሱቅ መስታወት ውስጥ አይቀመጥም።

«ታሪኩን ረሳችሁት ወይ?» የሚል ይኖራል። አልረሳንም። የ1888 ዓ.ም. ዓድዋን፣ በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የተረጨውን መርዝ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰውን ደም ማንም አያስረሳንም። ግን ታሪኩን ሙሉውን እናንብበው። ዳግማዊ ምኒልክ ከዓድዋ በፊት በነበሩት ዓመታት ጠመንጃና ጥይት ካስገቡባቸው አገሮች አንዷ ራሷ ጣሊያን ነበረች! የሚፈልጉትን ዐውቀው፣ ከሚያገኙበት ሁሉ አስገቡ። ጣሊያን በጦር ስትመጣ ደግሞ ተዘጋጅተው ጠበቋት። «ከማን ገዛህ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምን ገዛህ? ለምን?» የሚለው ይቀድም ነበር ማለት ነው።

ከ1933 በኋላም ወራሪው ወጣ፣ ጋራዡ ግን ቀረ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ባሌስትራ ስንል የማን ቃል እንደሆነ ትዝ አይለንም። የፊያት «ኤንትሬ» በኛ ሾፌሮችና በኛ መካኒኮች እጅ ስንት ተራራ ወጥቶ ወርዷል። ፈቱት፣ ገጠሙት፣ የጠፋውን ክፍል እዚሁ ቀጥቅጠው ሠሩለት። ከውጭ የመጣን ዕቃ የራስ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዛሬዋ ጣሊያን እንሂድ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ከተማ፣ አንድ ሙያ

ብዙዎቻችን «የጣሊያን ፋብሪካ» ሲባል ትልቅ ግቢና ረጅም የጭስ ማውጫ ነው የሚታየን። እውነቱ ሌላ ነው። አብዛኛው የጣሊያን ድርጅት ከ10 ሰው በታች የሚሠራበት ነው፤ ብዙውም አባት ለልጅ የሚያወርሰው የቤተሰብ ሥራ ነው። ጉልበቱ ያለው ከተማው ላይ ነው። አንድ ከተማና ዙሪያው አንድ ሙያ ይይዛል፣ በዚያው ይታወቃል።

መነጽር ከሆነ ሰሜን ተራራ ላይ ያለው የቤሉኖ አውራጃ ነው። የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ ከሆነ ሳሱኦሎ። ቆዳ ከሆነ ከፒሳ ብዙም የማትርቀው ሳንታ ክሮቼ። የሱፍ ጨርቅ ቢዬላ፣ ሐር ኮሞ፣ የስፖርት ጫማ ሞንቴቤሉና፣ ቫዮሊን ክሬሞና። የማሸጊያ ማሽን ደግሞ ቦሎኛና አካባቢዋ። ሻይ በየከረጢቱ የሚከት፣ ክኒን በየካርቶኑ የሚያሽግ ማሽን የሚሠሩ ድርጅቶች እዚያ ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

ፕራቶ የምትባል ከተማ አለች፣ ፍሎሬንስ አጠገብ። ሰዎቿ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከየአገሩ ያረጀ የሱፍ ልብስ እየሰበሰቡ፣ በቀለም በቀለም እየለዩ፣ አፍታትተው መልሰው እየፈተሉ አዲስ ጨርቅ አድርገው ሸጡ። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ እነሱ ከዚያ ተነስተው ዓለም የሚገዛቸው የጨርቅ ከተማ ሆኑ፤ እኛ ምናለሽ ተራን አሁንም «ቆርቆሮ ተራ» እያልን እናልፈዋለን።

እነዚህ ከተሞች ጠንክረው የቆሙት ሙያው ተከፋፍሎ ስለሚኖር ነው። ጫማ ብንወስድ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ሦስተኛው ሶል ብቻ ይሠራል፣ አራተኛው የመስፊያ ማሽኑን ይጠግናል። ሁሉም በአንድ መንደር ናቸው፤ ይፎካከራሉ፣ ሥራ ሲበዛባቸው ደግሞ ይካፈላሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው፣ ጥልፍ ጠላፊውና ልብስ ሰፊው ተጠጋግተው ሲሠሩ የምናየው ዘሩ ይኸው ነው። ዘሩ እኛም ጋ አለ ማለት ነው። እንክብካቤው ነው የጎደለው።

የአንድ ሰው ታሪክ እንጨምር። ሌዮናርዶ ዴል ቬኪዮ ሚላን ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደገው። ገና ልጅ ሳለ ብረት ሥራ ተማረ። በ1961 ቤሉኖ ውስጥ አጎርዶ በምትባል ትንሽ ከተማ «ሉክሶቲካ» የሚባል ድርጅት ከፈተ። መጀመሪያ የሚሠራው ለሌሎች መነጽር ሠሪዎች የሚሆን ክፍልፋይ ነበር፤ የሱ ስም የትም አልነበረም። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ የራሱን መነጽር በራሱ ስም ሚላን ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበ። በ1999 ደግሞ ስንቶቻችን ፎቶ የምንነሳበትን «ሬይባን» ከአሜሪካኖች ገዛው። ለሰው ክፍልፋይ ከመሥራት የሰውን ስም እስከ መግዛት! ወጣቶች፣ ከጣሊያን የሚገዛ ነገር ካለ ይህ ነው፤ ዋጋውም ማንበብ ብቻ ነው።

አይብ እንደ ወርቅ ባንክ ሲገባ

አሁን ወደ ምግቡ። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለውን አይብ ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። የሚገባበት ወተት ነው፣ ጨው ነው፣ ወተት ማርጊያ ነው። አለቀ። አንዱ ክብ አይብ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ለሱም 500 ሊትር ያህል ወተት ይፈሳል። ቢያንስ 12 ወር ይከርማል። ከዚያ ባለሙያ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል። ውስጡ ክፍተት ካለው ማኅተሙ ተፍቆ ይወድቃል። ፓርማ፣ ሬጆ ኤሚሊያ፣ ሞዴና፣ እንዲሁም ከቦሎኛና ከማንቶቫ የተወሰነ ክፍል ውጪ የተሠራ አይብ፣ የፈለገ ቢጣፍጥ፣ ያን ስም አያገኝም። ክሬዴም የሚባለው የአካባቢው ባንክ ይህን አይብ መጋዘን አስገብቶ ገንዘብ ያበድርበታል። እኛ ቤትና መኪና እንደምናስይዘው እነሱ አይብ ያስይዛሉ!

ይህ እንዴት ሆነ? ገበሬውና አይብ ሠሪው በ1934 ማኅበር አቋቁመው ስማቸውን አጠሩት። በ1996 የአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ ተጨመረበት። ጀርመን ውስጥ ሌሎች «ፓርሜዛን» እያሉ ሲሸጡ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2008 ፍርድ ቤቱ «ፓርሜዛን» ማለትም የዚያን አይብ ስም መንካት ነው አለ። አንድ ሀገር ለአይብ ስም ፍርድ ቤት ይቆማል ወይ ብሎ የሚስቅ ካለ፣ ቀጥሎ ያለውን ያንብብ።

ጣሊያን ቡና አብቅላ አትኖርም። እኛ ነን ቡና ያለን። ግን በ1901 ሚላን ውስጥ ሉዊጂ ቤዜራ የኤስፕሬሶ ማሽን ፈጠራውን አስመዘገበ። በ1938 አኪሌ ጋጂያ በግፊት የሚያወጣውን አስመዘገበ፣ ስኒው ላይ የምናየው አረፋ የመጣው ከሱ ነው። በ1961 የፋኤማ «ኢ 61» ማሽን ወጣ። ዛሬ «ማኪያቶ» ስንል ቡናው ከኛ ጫካ፣ ቃሉ ከነሱ አፍ፣ ማሽኑም ከነሱ ነው። ጥሬው ቡና ከኛ ወደብ ለሌለን አገር በጂቡቲ ይወጣል፤ ተቆልቶ፣ ታሽጎ፣ በጣሊያን ስም ለዓለም ይሸጣል።

የፓስታቸውም ነገር እንደዚያው ነው። በ1967 ባወጡት ሕግ ጣሊያን ውስጥ የሚሠራ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ እንዲሆን ደነገጉ። ስንዴው ሲያንሳቸው ከካናዳና ከሌላም አገር ያስገባሉ። ዓለም ግን የሚያውቀው «የጣሊያን ፓስታ» ብሎ ነው። ዱረም ስንዴ ደግሞ ባሌና አርሲ የሚበቅል፣ አገራችን በዝርያ ብዛቱ በዓለም የምትታወቅበት እህል ነው። ጥሬው የማን እንደሆነ ሳይሆን ሕጉንና ስሙን የያዘው ማን እንደሆነ ነው ገንዘቡን የሚወስነው።

ደግሞ አንችልም አንበል። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ በ2005 አመለከተች። ተቃውሞ ገጠማት፣ ተከራከረች፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች። መንገዱን አንዴ ሄደንበታል። ለማራቸው፣ ለቅቤያቸው፣ ለጥልፋቸው ይህን የሚያደርጉ ወጣቶች ያስፈልጉናል።

የርካሹ ቲማቲም ዋጋ

የጣሊያንን ነገር ሁሉ ወርቅ አድርገን ልንስል አልመጣንም። ደቡብ ውስጥ ፎጃ አካባቢ የሚለቀመውን ቲማቲም ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ከአፍሪካ የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ደላላው በሚኒባስ ጭኖ ይወስዳቸዋል፣ ከደሞዛቸው ይቆርጣል። በነሐሴ 2018 እዚያው ፎጃ አጠገብ በቀናት ልዩነት በደረሱ ሁለት የመኪና አደጋዎች 16 የእርሻ ሠራተኞች ሞቱ። ከእርሻ እየተመለሱ ነበር። የጉልበት ደላላውን የሚቀጣ ሕግ በ2016 ወጥቶ ነበር፤ ሕግ መውጣቱና መሠራቱ ግን ሁለት ነገር ነው። ፕራቶም ውስጥ በ2013 ሠራተኞች በሚያድሩበት የልብስ መስፊያ እሳት ተነስቶ 7 ሰው ሞቷል።

ለምን አነሳነው? «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ንጽሕናን አያረጋግጥም ለማለት ነው። ዋጋው በጣም ሲረክስ ልዩነቱን የከፈለ ሰው አለ። የስደትን ነገር ከኛ በላይ ማን ያውቃል? አስመጪ የምትሆኑ ከሆነ አቅራቢውን «ማነው የሚለቅምልህ? ማነው የሚሰፋልህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው አቅራቢ ብዙ ጊዜ ጥራትም የለውም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ

ከናንተ መሀል ትንሽ ንግድ የጀመሩ፣ ዳቦ ቤት፣ ካፌ፣ ቆዳ ሥራ ወይ ማሸጊያ ለመክፈት የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ለነሱ የሚጠቅም ነገር እንበል።

1. ከከተማው ጀምሩ። የሚፈልጉት የቆዳ ማሽን ከሆነ ሻጩ ከቆዳ ከተማ ነው ወይ? ካልሆነ መሀል ነጋዴ ሊሆን ይችላል። መሀል ነጋዴ መጥፎ ነው አንልም፤ ግን የሱን ትርፍ እየከፈላችሁ እንደሆነ ዕወቁ።

2. ድርጅቱ መኖሩን አረጋግጡ። የጣሊያን ድርጅት «ፓርቲታ ኢቫ» የሚባል ባለ 11 አሃዝ የግብር ቁጥር አለው፣ በንግድ ምክር ቤትም ይመዘገባል። ቁጥሩን መስጠት የሚያንገራግር ሻጭ ካለ ስልኩን ዝጉት።

3. ባርኮድ አያታላችሁ። ከ80 እስከ 83 የሚጀምር ባርኮድ ቁጥሩ ጣሊያን ውስጥ መመዝገቡን ነው የሚናገረው። ዕቃው እዚያ መሠራቱን አይናገርም።

4. ምግብ ከሆነ ማኅተሙን እዩ። ቀይና ቢጫው ክብ ማኅተም ምርቱ ከነጥሬ ዕቃው በዚያ አካባቢ የታሰረ ነው ማለት ነው። ሰማያዊና ቢጫው ላላ ያለ ነው፤ ከሥራው ቢያንስ አንዱ ደረጃ እዚያ ተሠርቷል። የወይራ ዘይት ሲሆን ጀርባውን አንብቡ። ፊት ለፊቱ የጣሊያን ባንዲራ፣ ጀርባው ላይ «ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተቀላቀለ» የሚል ሊኖር ይችላል።

5. ማሽን ከሆነ ከፍታችሁን ንገሯቸው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች በመደበኛው የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ታስበው ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የቡና ማሽንም፣ የፓስታ ማድረቂያም፣ ጄነሬተርም ሲታዘዝ «የምተክለው እዚህ ከፍታ ላይ ነው» ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

6. መለዋወጫውንና ሥልጠናውን ውሉ ውስጥ አስገቡ። ማሽኑን አምጥቶ የሚገጥም ሰው ይምጣ፣ የኛን ልጆች አሠልጥኖ ይሂድ፣ ሥዕላዊ መመሪያውን ይተው። ይህ የሌለበት ማሽን አንድ ቀን ሲቆም ቆርቆሮ ነው።

7. ጊዜውን ዕወቁ። ነሐሴ ውስጥ ጣሊያን ትተኛለች። ነሐሴ 9 ላይ የሚውለውን «ፌራጎስቶ» የሚሉትን በዓል ተንተርሶ ብዙ ፋብሪካ ለሳምንታት ይዘጋል። ሐምሌ ላይ የተላከ ትዕዛዝ መስከረም ላይ ሊነቃ ይችላል። ለዓውዳመት ገበያ የምታስቡ ከሆነ ቀደም በሉ።

8. ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ፣ ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ ሰውየውን በድምፁ አረጋግጡ። በዚህ ማጭበርበር ብዙ ነጋዴ ተበልቷል። የምትችሉ ከሆነ ደግሞ በባንክ ኤልሲ ክፈቱ።

ዶላሩ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከጣሊያን የምንገዛበት ዩሮና ዶላር ከሰማይ አልወረደም። የጌዴኦና የጅማ ገበሬ ቡና ለቅሞ ያመጣው ነው። ሪያድና ቤሩት ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን እንቅልፍ አጥተው የላኩት ነው። ያንን ገንዘብ ይዘን እዚህ መሥራት ለምንችለው ፓስታ፣ ብስኩትና ለስም ብቻ ለሚለበስ ቀበቶ ስናወጣው፣ የነሱን ላብ በልተን ጨረስነው ማለት ነው። ያንኑ ገንዘብ ለማሽን፣ ለመለዋወጫ፣ ለሙያ ሥልጠና ስናወጣው ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል፣ ሥራ ለሌለው ወንድማችንም እንጀራ ይሆናል።

«ማሽኑንም ከነሱ ከገዛን ያው ጥገኛ ነን» የሚል ይነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው። ማሽን ገዝቶ ቁልፍ መጫን ብቻ የሚያውቅ ሰው በርግጥ ጥገኛ ነው። ግን የኤንትሬን መካኒኮች አስታውሱ። ያን ያህል ትምህርትና ኢንተርኔት ሳይኖራቸው ፈተው አወቁት። ዛሬ ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ ያጣ ስንት ወጣት አለን! አንድ የማሸጊያ ማሽን ሲገዛ አምስት ልጆች አብረው ይፍቱት፣ ይሳሉት፣ የሚሰበረውን ክፍል እዚህ ይሥሩት። ቦሎኛም ያደገችው እንደዚያ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሠለጠነ ሰው ወጥቶ ጎረቤት የራሱን ከፈተ።

ስለዚህ የኛ መመዘኛ አጭር ነው። ከጣሊያን ለመግዛት ስታስቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ዕቃ እዚህ የሚሠራ የለም ወይ? ሲገባ እጅ ያሠራል ወይስ አፍ ብቻ ይሞላል? ሲበላሽ እዚህ እንጠግነዋለን ወይ? ሦስቱም ጥሩ መልስ ካላቸው፣ ያለ እፍረት ግዙ። ከሌላቸው፣ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርባችሁ።

ከዓድዋ የወረስነው ኩራት ጫማ ላይ ባለ ስም አይፈርስም፣ ጫማውን ባለማድረግም አይጠበቅም። የሚጠበቀው እኛም እንደ እነዚያ ትንንሽ የጣሊያን ከተሞች በሙያችን ስንታወቅ ነው። ይርጋጨፌ በቡናዋ፣ ዶርዜ በሽመናዋ፣ ትግራይ በነጭ ማሯ፣ ባሌ በዱረም ስንዴዋ፣ ሁሉም ስሟን አጥራ፣ በራሷ ማኅተም አሽጋ ሚላን ገበያ ላይ ስታቀርብ ያን ጊዜ ሒሳቡ ይስተካከላል።

ወጣቶች፣ በየአካባቢያችሁ ያለውን ሙያ ጻፉልን። የናንተ ከተማ በምን ትታወቃለች? ማን ይሠራዋል? ምን ማሽን ይጎድለዋል? ከዚያ እንጀምር። ያላነበበ ጓደኛ ካላችሁም አድርሱት።